የፊልም ፋብሪካው ጎላ

ከዴንቨር በስተሰሜን የነበረ አንድ የፎቶ ፊልም ፋብሪካ ተዘግቶ ማሽኑ ሁሉ በጨረታ ሲቸበቸብ፣ መቁረጫው ለቁራሌ፣ መጠቅለያው ወደ ባሕር ማዶ ሄደ። ውድነህ ደግሞ ሁለት ሰው ተያይዞ የሚያቅፈውን የማይዝግ ብረት ጎላ በፒክአፕ ጭኖ ኦሮራ ከተማ እሱ ከሚያስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ጓሮ አወረደ። ለድግስ ማብሰያ እንዲሆን ከሥሩ የጋዝ ምድጃ አስገጠመለት።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ እማማ አበዛሽ ያን ዕለት ዙሪያውን ቃኙትና፣ «ምን ሲቀቀልበት የኖረ ነው?» አሉት።

«የፎቶ ነው እማማ። ፎቶ ደግሞ ምን ይነካል?»

ሰው ሁሉ መረቀው። ከዚያ ወዲህ ድግስ በመጣ ቁጥር ሳይጠሩት፣ «የኔ ጎላ እንዴት ናት?» እያለ ብቅ ይል ጀመር።

በፍልሰታ ጾም ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል፣ ምስር ወጡም እየተንተከተከ ሳለ፣ ተስፋዬ ከሃቫና ስትሪት ሱቁ ሽንኩርት ይዞ መጣ። ተስፋዬ ፕሮቴስታንት ነው፤ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት እዚያው ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ጆንያውን አውርዶ ጎላው ላይ አፈጠጠ።

«እንዴ! ይቺ የኛዋ አይደለችም? ይኸው፣ ጎኗን የጨረመትኳት እኔ ነኝ፣ በፎርክሊፍት። ጄላቲን ስናቀልጥባት…»

«ጄላቲን ምንድነው?» አለ እንደ ልማዱ ጎላውን ሊያይ የመጣው ውድነህ።

«ፊልሙ ላይ የሚቀባው ነዋ፣ እንደ ሙጫ ያለ። ከከብት አጥንት፣ ከአሳማ ቆዳ…» የሚፈላውን ወጥ አየና ቃሉን ዋጠ። «ጾም ላይ ናችሁ አይደል?»

ውድነህ ግራ ቀኙን አየ። የሰማ የለም። የተስፋዬን ክንድ ጨምድዶ፣ «በናትህ ዝም በል» አለ በሹክሹክታ። «አንተን ምን አገባህ? ያንተ ቤተ ክርስቲያን አይደለም!»

ተስፋዬ ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። «እሺ» ብሎ ወደ ግቢው በር አመራ።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ መውጣት ሲጀምር እማማ አበዛሽ ጭልፋ ይዘው መጡ። «ባለጎላው ሳይቀምስ ማን ሊቀምስ! እንካ የኔ ጌታ፣ ጨዉን ንገረኝ።»

ውድነህ ጭልፋውን ተቀብሎ እስከ ከንፈሩ አደረሰው። እሳቸው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። ጭልፋውን ከከንፈሩ አወረደው።

«እማማ… ማንም እንዳይበላ።»

ነገራቸው። እማማ ጎንበስ ብለው ጋዙን አጠፉ። «ያኔ ስጠይቅህ ምን ብለኸኝ ነበር?»

«ፎቶ።»

«ፎቶ ምን ይነካል፣ አልከኝ።»

ቄሱ ተጠርተው መጡ። ጢማቸውን እየዳሰሱ ሰሙ። «ባለማወቅ የሆነ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይለናል። ወጡ ይደፋ፣ ሰዉ ዳቦ ይብላ» አሉ።

«ለካ ባለፈው ፎቶ ያማረብኝ ወጡን በልቼ ነው!» ሲል አንዱ ከኋላ፣ ግቢው ሳቀ።

ውድነህ አልሳቀም። ተስፋዬ አልሄደም፤ በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ቢጠይቁትም እንደማይናገር ውድነህ አወቀ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ፊቱን አቃጠለው።

«አባ፣ ያለፈው ባለማወቅ ነው» አለ። «የዛሬውን ግን ቀድሜ ሰምቻለሁ። ይሄን ሰው ዝም በል ብዬዋለሁ። ቤተ ክርስቲያንህ አይደለም ብዬዋለሁ።»

እማማ አበዛሽ ዳቦውን ቆርሰው በመጀመሪያ ለተስፋዬ ሰጡ። ከዚያ ወደ ውድነህ ዞረው በጎላው በኩል በአገጫቸው አመለከቱ። «በል እየቀዳህ ድፋ።»

በያዘው ጭልፋ ወጡን ባልዲ ውስጥ መጨለፍ ጀመረ፤ ቀና አላለም። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው ባልዲውን ጠጋ አድርጎ ሲይዝለት አየ።

«ቀስ በል» አለው ተስፋዬ። «ጠርዟ ይፋጃል።»