እትዬ አስናቀችና ነጩ ጣሪያ

መርካቶ ውስጥ ሰው የናፈቀው ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? ከእህል በረንዳ ጀርባ ባለው ጠባብ ቅያስ የተሸካሚዎች "ዞር በል!" ጠዋት ከጀመረ እስኪመሽ ጆሮ አያሳርፍም። ከዚያ ሁሉ መንገደኛ ግን እትዬ አስናቀችን "እንዴት አደሩ?" ብሎ መልሱን ቆሞ የሚሰማ አልነበረም። ወልዶ መሳም አልሆነላቸውም፤ ባላቸውም ከሞቱ ቆይተዋል። ሰው ሥራ አለበት፣ አይፈረድበትም።

ሔለን የመጣችው ስብሰባ በበዛበት፣ አንድ ለአምስት ያልተደራጀ ሰው በክፉ ዓይን በሚታይበት ዘመን ነው። የአየር ንብረት ለውጥ ታጠናለች። ለሙከራ የእትዬን ቆርቆሮ ጣሪያ የፀሐይ ሙቀት የሚመልስ ነጭ ቀለም አስቀባች፤ ለዝናቡ አሸንዳና በርሜል አስተከለች፤ ጭስ የሚቀንስ ምድጃም ሰጠቻቸው።

"አንዱ ብቻውን ብዙ አይረዳም" አለቻቸው። "ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚያመጡ ነው የምናየው። እርስዎም ባለድርሻ አካል ነዎት፣ የሚሉት ይሰማል።"

ባለድርሻ አካል ምን እንደሆነ እትዬ አልገባቸውም። የሚሉት እንደሚሰማ ግን በደንብ ገባቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በርጩማ ስባ ትቀመጥና ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ እንቅልፋቸው ትጠይቃለች። የጥናቱ ጥያቄ ሲያልቅባት ስለ ባላቸው ትጠይቃለች። እትዬ ገና ዓርብ ከሰዓት ቤት መጥረግ ይጀምራሉ።

አንድ ቅዳሜ፣ "እርስዎ ጋ ሁሉም ከተስተካከለ እኮ መምጣቴ ቀረ" አለቻቸው እየሳቀች።

እትዬ ክው አሉ። ቤቱ ቀዝቅዞ ነበር፣ በእኩለ ቀንም ያስተኛል። "ኧረ የት ተስተካክሎ!" አሉ። "ሙቀቱ ብሶበታል፤ ቀለሙም ራሴን እያመመኝ ነው።"

ሔለን ተጨነቀች፤ ስትጨነቅ ደግሞ ማክሰኞም ትመጣ ጀመር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእትዬ ግን እያደር ይከብድ ጀመር፣ ምክንያቱም ሐጀራ ነበረች።

ሐጀራ የግድግዳ ጎረቤታቸው ናት፣ አራስ። ጣሪያዋ አልተቀባም። አንድ ቀን ሕፃኑን ታቅፋ መጣች። "እትዬ፣ እስቲ ትንሽ እርስዎ ጋ ይተኛ። የኛ ቤት እሳት ነው።"

የሕፃኑ አንገት በሙቀት ሽፍታ ቀልቷል። አልጋቸው ላይ ሲያስተኙት ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ፀሐይ ስትበረታ ታመጣላቸዋለች። እትዬ አጠገቡ ተቀምጠው ትንፋሹን ያዳምጣሉ፤ በዕድሜያቸው እንደዚያ ደስ የሚል ሥራ አግኝተው አያውቁም።

"ቀለሙን ለሁላችንም ሊቀቡ ነበር" አለቻቸው ሐጀራ አንድ ቀን። "አንድ ሰው ታመመበት ተብሎ ሊቀር ነው አሉ።"

እትዬ የሕፃኑን አንገት አዩና አፈሩ። ቀለሙ ቢቀር ሔለንም ሕፃኑም አይቀሩባቸውም። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም።

ስለ ቀለሙ በቀበሌው አዳራሽ በተጠራው ስብሰባ፣ "ከባለድርሻ አካላት አስተያየት ያለው?" ተብሎ ሲጠየቅ ተነሡ።

"ዋሽቻለሁ" አሉ። "ቤቴ ቀዝቅዟል። ራሴንም አላመመኝ።"

"ታዲያ ለምን ዋሹ እናቴ?" አለ ሰብሳቢው።

እትዬ ሔለንን አዩዋት። "እርጅና ነው" አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። ሔለን ሮጣ መጥታ አገላብጣ ሳመቻቸው። "ገላገሉኝ እኮ፣ እትዬ! አልፎ አልፎ ብቅ እላለሁ" አለች። ብቅ እላለሁ ያለ ሰው መቼ እንደሚመጣ የመርካቶ ሰው ያውቃል።

ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ ነጭ ሆነ። ሐጀራ በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ባዶ እጇን መጣች፤ ፊቷ በርቷል።

"ቤታችን ቀዘቀዘልን እኮ! ልጁም እዚያው ተኛ። እስከዛሬም አስቸግሬዎታለሁ፣ እትዬ፤ ከእንግዲህ አናስቸግርዎትም።"

"ምን ችግር አለው" አሉ እትዬ አስናቀች። ሕፃኑን ሊቀበሉ የዘረጉት እጃቸው ገና አልታጠፈም ነበር።