በሕንዱ አፍ የተላከ ስድብ

በ1959 ዓ.ም. ታኅሣሥ ደብረ ማርቆስ ላይ ለተፈጠረው ነገር ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነበር። ያኔ ደብቄዋለሁ፤ አሁን ስለሸበትሁ በኩራት እናገረዋለሁ።

የሒሳብ መምህራችን ሚስተር ቶማስ ከሕንድ አገር፣ ከኬረላ የመጣ ክርስቲያን ነው። እኛ በጋው ገባልን ብለን ፀሐይ ስንሞቅ እሱ ሦስት ሹራብ ደርቦ፣ ከላይ ጋቢ ጥሎ፣ «እዚህ ክረምቱ ከባድ ነው» እያለ ለእናቱ ደብዳቤ ይጽፋል። ዝናብ የሌለው ምን ክረምት አለ ብለው አልሰማኝም። ምኞቱ አንድ ነበር፤ በገና ሰሞን የዓባይን በረሃ ማየት። ርእሰ መምህራችን አቶ ጥሩሰው ግን የትምህርት ቤቱን ላንድሮቨር ሲጠይቃቸው «ቤንዚን የለም» አሉት። ያው ላንድሮቨር በየቅዳሜው ይጁቤ ገበያ ሄዶ የእሳቸውን ጤፍ ሲያመላልስ ቤንዚን አጥቶ አያውቅም።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ግጥም አያቅተኝም፤ ድፍረት ግን የለኝም፤ አቶ ጥሩሰው ፊትማ ጭራሽ። እህታቸውን አመተ ማርያምን ወድጃለሁ፤ ከገና በኋላ ሽማግሌ ልልክ ቆርጫለሁ፤ ወሬው ለእሳቸውም ሳይደርስ አልቀረም። ስለዚህ የራሴን ምላስ ደብቄ የሰው ምላስ ተዋስሁ። ቶማስን «በእኛ አገር በገና ዕለት አለቃህን በግጥም ብትሸነቁጠው መቆጣት ነውር ነው። አፍሮ መኪናውን ይሰጥሃል» አልሁትና ሁለት መስመር አስጠናሁት። የትኛው ገና እንደሆነ አልነገርሁትም። ለእኔ ገና አንድ ነዋ፤ ታኅሣሥ 29።

ታኅሣሥ 16፣ እሑድ፣ ቶማስ ምሳ ጠራን። በአገሩ ገና የሚውለው በዚያ ቀን ነው። ሁለት ዶሮ አሳርዶ በቅመም አሳምሮ ሠርቷል። ጾመ ነቢያት መሆኑን አውቅ ነበር፤ ፊቱን ለማየት ስል ዝም አልሁ። አቶ ጥሩሰው፣ አመተ ማርያምና እኔ እንጾማለን። ጎረቤቱ ባለሱቁ አብዱልቃኒ ደግሞ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ሁለት ዶሮ መሀል አስቀምጠን ቆሎ ቆረጠምን። ቶማስ አንዴ ዶሮዎቹን፣ አንዴ እኛን ያያል። አሳዘነኝ፣ እውነቴን ነው፤ ሳቄን ግን አልቻልሁትም።

ሳቄ ሳያልቅ ቶማስ ብድግ አለ። ወደ አቶ ጥሩሰው ዞሮ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አንዲት ቃል ሳይስት አወረደው፦

«ላንድሮቨር ተገዝቶ፣ ለተማሪ ተብሎ፣
ተማሪው በእግሩ፣ ጤፉ በሱ ታዝሎ።»

አብዱልቃኒን ሻይ ትን አለው። አቶ ጥሩሰው ብርጭቋቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ።

«ዛሬ ያንተ ገና ነው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው አልቆጣም። ነገ መኪናውን ውሰድ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያንተስ ገና መቼ ነው፣ መምህር ንጉሴ?»

«ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«እኮ! እስከዚያ መቆጣት እችላለሁ ማለት ነው።»

አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ ተቆጡ። ሰላምታዬን አልመለሱም። አመተ ማርያምም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ትሻገራለች። ቶማስ ግን ከአብዱልቃኒ ጋር ዓባይ ወረደ። አብዱልቃኒ እንደነገረኝ፣ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሹራቦቹን አንድ በአንድ አወለቀ፤ ድልድዩ ላይ ሲደርስ በሸሚዝ ቀርቶ «የእናቴ ቤት ገና እንደዚህ ይሞቃል» ብሎ አለቀሰ። ቀናሁበት።

የእኛም ገና ደረሰ። ከተማው ሜዳ ወጥቶ ጨዋታው ሲደራ አቶ ጥሩሰው የገና ዱላቸውን እንደያዙ መሀል ገቡ።

«በሰው አፍ ሰደበኝ፣ ሕንዱን አስቀድሞ፣
ሙሽራስ ማን ሊሆን፣ በሱ ቦታ ቆሞ?»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔ መቆጣት አልችልም፤ ቀኑ ገና ነዋ። አመተ ማርያም ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስትንፈቀፈቅ አየኋት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አቶ ጥሩሰው በአጠገቤ ሲያልፉ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሰኞ ቢሮዬ ናና ያንን ግጥም በራስህ አፍ በለው። ያለዚያ ሽማግሌ እንዳትልክብኝ» አሉኝ።

ሰኞ በዓል የለም። ቢቆጡ ሙሉ መብታቸው ነው። ገባሁና ሁለቱንም መስመር አልሁት። «ታዝሎ» ላይ ድምፄ ተሰበረ።

አቶ ጥሩሰው በመስኮት ወደ ላንድሮቨሩ ተመለከቱ።

«ሽማግሌዎችህ የት ነው ያሉት?»

«ይጁቤ ናቸው፣ ጌታዬ። አባቴና ሁለት አጎቶቼ።»

«መልካም። ቅዳሜ መኪናው ያመጣቸዋል።»

እጅ ነስቼ ልወጣ በሩን ስከፍት ጠሩኝ።

«ጠጋ ጠጋ ይበሉ በላቸው፤ ጤፉም አለ።»