ኮርቻ ላይ የታሰረው የቀነዓ ልብስ

«እማማ፣ ደብዳቤውን የሚያነብልዎ ሰው አለ?»

ወታደሩ ማዘንጊያ ይህን ሲጠይቃት ድርቤ ወደ እሱ አልዞረችም። ዓይኗ ከፈረሱ ላይ አልነቀል ብሏል። ጉራቻ፣ የልጇ የቀነዓ ጥቁር ፈረስ፣ ነቀምቴ ባለው ቤቷ ደጃፍ ከነኮርቻው ቆሟል። ኮርቻው ላይ ሰው የለም። ያለው የቀነዓ ልብስ ብቻ ነው፤ ቀዩ ኮት ከነነሐስ ቁልፉ፣ የፈረሰኛው ሰፊ ሱሪ፣ ከላይ የቆዳ ገምባሌው፣ ሁሉም በጠፍር ተጠፍሮ።

ወለጋ ውስጥ ፈረሰኛ ሲሞት እንዲህ ይደረጋል። የሟቹ ልብስ በፈረሱ ላይ ይታሰርና ለቅሶው መሃል ይሳባል። የባሏን የባይሳን ፈረስ እንዲሁ ሲስቡት አይታለች። ማዘንጊያ ግን የጎጃም ልጅ ነው፤ የአገሩን ልማድ አያውቅም። ልብሱን ያሰረው እጁን እንዳያደክመው ብሎ ነበር።

ከወደ መንገዱ ወታደሩን ያመጣው ካሚዮን ጥሩምባውን ነፋ። ድርቤ እንዲሁ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያው ሁሉም እዚያ ላይ ተጽፏል» ብሎ ወረቀቱን አስጨብጧት ሮጠ።

«ያ ኢልማ ኮ! ልጄን! ልጄን!» ብላ ድርቤ ጮኸች።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። የቀነዓ ሚስት ዘርፈሽ ከጓሮ እየሮጠች ደርሳ፣ ፈረሱን ስታይ እዚያው ቁጭ አለች። የሸዋዋ ጎረቤት ብርቄ ደረቷን እየደቃች ወደ ድርቤ ጠጋ አለች።

«ወረቀቱ ምን ይላል እቴ? አንቺ ተማሪ አይደለሽ!»

ተማሪስ ነበረች። ከመስከረም ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሰዓት በኋላ ፊደል ትቆጥራለች። ገበያ ላይ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ሰው በሰማ ቁጥር «ልጄ ሲጽፍልኝ በሰው አላስነብብም» ትል ነበር። ወረቀቱን ዘረጋችው። «ቀ»ን አገኘችው። «ነ»ንም አገኘችው። የቀረው እንደ ጉንዳን ተርመሰመሰባት። ሰው ሁሉ አፏን ያያል። አላውቅም ማለት ትችል ነበር።

«ሞቷል ይላል» አለች።

በዚያው ቀን የዘርፈሽን ፀጉር ላጯት። ጉራቻ ሦስት ቀን ሙሉ ለቅሶው መሃል ተሳበ። የባይሳ የጦር ጓደኛ፣ ሽማግሌው ዱቤ፣ ቀዩን ኮት በጣቱ እየዳበሰ አወራ።

«እኔና ባይሳ እዚህ ጦር ስንገባ ጎፈርና ጋሻ ነበር፣ እግራችን ባዶ። ከጣሊያን ወዲህ ካኪ መጣ። ቀጥሎ ገምባሌው፣ ለሰልፍ ደግሞ ይህ ቀይ ኮት። ስንት ዓመት የለበስነውን ሁሉ ብትደረድሩት እንዲህ ያማረ የለም። ልጁ ከሁላችን አምሮ ሞተ።»

ድርቤ ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ሸሽጋዋለች። ልጇ መሞቱን አልተጠራጠረችም፤ ኮርቻውን አይታለችና። ያላነበበችውን አነበብኩ ማለቷ ግን እንቅልፍ ነሳት።

ዓርብ ዕለት አስተማሪዋ የሺወርቅ ለልቅሶ መጣች።

«ወይዘሮ ድርቤ፣ ደብዳቤውን ባየው?»

«ምን ያደርግልሻል ልጄ። አንብቤዋለሁ።»

«ገና “ነ” ላይ ነን እኮ። እንዴት አድርገው አነበቡት?» አለች የሺወርቅ፣ ክፋት ሳይኖራት።

ዘርፈሽ ተነሥታ ከፍራሹ ሥር አወጣችው። «ይነበብልኝ። የመጨረሻ ቃሉን ልስማው።»

የሺወርቅ ጮክ ብላ አነበበች።

«ውድ እናቴ፣ እኔ ደህና ነኝ። ፈረሰኛው ጦራችን ብረት ለበስ ሆነ። ፈረሶቻችሁን ወደየቤታችሁ ስደዱ ስላሉን ጉራቻን ልኬልሻለሁ። ቀዩን ኮት አስወልቀው ጥቁር ቆብና ዘይት ዘይት የሚል ቱታ ሰጡን። ታንኩ ውስጥ አራት ሆነን ነው የምንገባው፤ የፈረስ ስም አውጥተንለታል። አሁን ወደ ሐረር ተዛውረናል፣ ቤተሰብ መውሰድም ተፈቅዷል። አንቺም ዘርፈሽም ኑ። ካሚዮኑ ሐሙስ ጠዋት አኖ ከተማ ይጠብቃችኋል።»

ሐሙስ ትናንት ነበር።

ቤቱ ውስጥ እልልታው ቀለጠ፤ ዱቤ ከዘራውን ወርውሮ ፎከረ። ብርቄ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

«እትዬ ድርቤ፣ እባክሽ የእኔ ስም ያለበት ወረቀት እንዳታነቢ! ሳልታመም ትቀብሪኛለሽ!»

ሁሉም ሳቀ። ድርቤ መሬት መሬት አየች። ዘርፈሽ አልሳቀችም። የተላጨ ራሷን በመዳፏ ትዳብሳለች።

«ሃርሜ፣ እናቴ፣ አንብበውት ነበር?»

«አላነበብኩትም።»

ዘርፈሽ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ልጅቷ ግን ልብሷን ማጠፍ ጀመረች፤ ከራሷ ልብስ አጠገብ የአማቷንም ቀሚስ አጠፈች።

«ነገ በአውቶቡስ እንሂድ። እየጠየቅን እንደርስበታለን።»

«አንቺ ሂጂ።»

«ሁለታችሁም ኑ ነው የሚለው እኮ!»

«ሦስት ቀን ሙሉ ቆሜ አስለቅሼበታለሁ» አለች ድርቤ። «አንቺን አስላጭቻለሁ። ይህን ራስሽን አይቶ ማን አስላጫት ሲል ምን እለዋለሁ? በቁሙ ገድዬው በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ዘርፈሽ ለመነቻት። ዱቤም ተቆጣት። ቀሚሱን ግን ድርቤ ራሷ ከጥቅሉ አውጥታ መለሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት ነጠላውን በምራቷ ራስ ላይ አጥብቃ አሰረችላት፣ እስከ አውቶቡሱም ሸኘቻት። ዘርፈሽ በጉቴ መንገድ ወደ ሐረር ሄደች። ድርቤ ነቀምቴ ቀረች።