ማንም ያላበራው ሻማ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ መቀበያ ተቀምጣ «አይዞዎት፣ አያምም» ስትል የኖረች ሴት፣ አንድ ቀን ውሸቱ በቃኝ አለች። ያማል። እሷ ታውቃለች፣ ታካሚው ያውቃል፣ ሐኪሙማ ከሁሉም በላይ ያውቃል። እናም የስድስት ወር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቃ ወጣች፤ ቤቷ ሆና ሻማ ልትሠራ። ሰፈሩም ጊዜ ሳያጠፋ «ባለሻማዋ» ብሎ ሰየማት።

ሻማ ሲባል መብራት በጠፋ ቁጥር በዳበሳ ከመሳቢያ የሚወጣው፣ በተገለበጠ ሲኒ ላይ ተለጥፎ እንባውን የሚያንጠባጥበው ቀጭን ነጭ ነገር እንዳይመስላችሁ። የሷ ሻማ ከአኩሪ አተር ሰም የሚሠራ ነው። ሰሙ እንደ ተፈቀፈቀ ሳሙና ሆኖ በከረጢት ይመጣል። በትንሽ ድስት ይደረግና ድስቱ ውሃ የፈላበት ትልቅ ድስት ውስጥ ይቀመጣል፤ በቀጥታ እሳት ላይ ከጣዱትማ አበቃለት። ሲቀልጥ በቴርሞሜትር ይለካል፣ በረድ ሲል የሎሚ ወይም የጽጌረዳ ወይም የናና ዘይት ይጨመርበታል፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳይቸኩሉ ይማሰላል። ክሩ በብርጭቆው መሐል ቀጥ ብሎ እንዲቆም በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መቅዳት ነው። ተቻኩለው ከቀዱት ሲረጋ መሐሉ ይሰረጉዳል፣ ክፍሉ ከቀዘቀዘ ደግሞ ፊቱ ላይ እንደ ቋቁቻ ነጭ ነጭ ያወጣል። ይሄ ሁሉ ታልፎም ገና አይሸጥም። መዓዛው ከሰሙ ጋር እንዲዋሃድ ሁለት ሳምንት ተከድኖ ያርፋል።

«ሁለት ሳምንት!» አለ መካኒኩ ባሏ፣ መጀመሪያ ይህን የሰማ ቀን። «እኔ እሁድን እንኳ በስንት ልመና ነው የማርፈው። ምነው እኔንም ሻማ ባደረገኝ!»

«አንተ ብታርፍም አትሸትም» አለችው። «ማለቴ፣ ጥሩ አትሸትም።»

ትርፏ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ሆነች። ባለሻማዋ ብርጭቆውን አንድ በአንድ እየመረጠች ትገዛለች፣ ክዳኑ ላይ ሪባን ታስራለች፣ የመዓዛውን ስም በዚያ የቀጠሮ ካርድ ሲጽፍ በኖረ ውብ እጇ ትጽፍበታለች። ቆንጆ ነበሩ። እንዲያውም እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ለሻማ ከሚገባው በላይ ቆንጆ ነበሩ። በአራት ወር ሰማንያ ያህል ሸጠች። የገዛ ሁሉ አሞገሰ፤ «እጅሽ ይባረክ» ያላላት የለም። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ችግሩ ዘግይቶ ነው የታያት። አንድ ሻማ አርባ ሰዓት ያህል ይነድዳል፤ ቢቆጥቡት ቢቆጥቡት በሁለት ወር ማለቅ አለበት። ከሰማንያው ገዢ ግን ሁለተኛ ልግዛ ብሎ የተመለሰ አንድ ሰው የለም። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የድሮ ታካሚ፣ የሚያውቋት ሁሉ አንድ አንድ ገዝተው ጨረሱ፤ ከዚያ በሩን የሚያንኳኳ ጠፋ።

ፈቃዷ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው ሐኪሙ ደወለ።

«ወንበርሽ እየጠበቀሽ ነው» አለ። «የሚቀጥለው ሳምንት ካለቀ በኋላ፣ ሰኞ ትመለሻለሽ ወይስ ሰው ልቅጠር? ቁርጡን ንገሪኝ።»

«እስከዚያ እሁድ ድረስ ይታገሱኛል ዶክተር?»

«እሁድ ይሁን። ከዚያ ካለፈ ግን አልጠብቅም።»

ስልኩን ዘግታ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ አየች። ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደለም፣ ወንበሩም ክፉ ወንበር አይደለም። ግን በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት ስትነሳ እግሯን የሚያፈጥን ነገር አግኝታ ነበር፤ እሱ ሊቀርባት ነው። ከራሷ ሻማ ሦስቱን አብርታ ቁጭ ብላ መረመረቻቸው። አያጨሱም፣ አይጠፉም፣ መዓዛቸው ኮሪደር ድረስ ይደርሳል። ታዲያ ሰዉ ምን ነካው?

«መኪና ጠግኜ ባለቤቱ ተመልሶ ካልመጣ ከሁለት አንዱ ነው» አለ ባሏ፣ እጁን በሳሙና እየፈተገ። «ወይ በደንብ ተሠርቷል፣ ወይ ገደል ገብቷል። ሄዶ ማየት ነው እንጂ እዚህ ቁጭ ብሎ መቆዘም ምን ይረባል?»

ቅዳሜ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

መጀመሪያ ፋርማሲስቷ ጋ ሄደች። «ያንቺን ሻማ?» አለች ፋርማሲስቷ ፊቷ በርቶ። «እሱንማ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ሰጠሁት! እንዲህ ያለውን ነገር እኔ ምን አደርገዋለሁ?» እዚያው የእህቷን ልጅ ደውላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ደግሞ ለአለቃዋ ሰጥታዋለች። አለቃው ለማን እንደሰጠው የሚያውቅ አልተገኘም፤ ሻማው ይሄኔ ከባለሻማዋ በላይ አገር አይቷል።

ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ ቤት። ልብስ ሰፊዋ በኩራት እጇን ይዛ ወደ ሳሎን ወሰደቻትና የቡፌውን መስታወት በቁልፍ ከፈተች። ሻማው ከብርጭቆዎቹ መሐል፣ የመጣበትን ፕላስቲክ እንኳ ሳያወልቅ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«እትዬ፣ ለክፉ ቀን ነው የተቀመጠው?»

«ኧረ ለደግ ቀን ነው! አንድ ያላት እንቅልፍ የላትም ሲባል አልሰማሽም? ልጆቹ እንዳይነኩብኝ ቁልፉን ከአንገቴ አላወጣም» አለችና እውነትም በክር የተንጠለጠለ ቁልፍ ከደረቷ አወጣች።

እንዲህ እንዲህ እያለች ስምንት ቤት ዞረች። አንዱ ቴሌቪዥን አናት ላይ ነው። አንዱ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሹራብ መሐል ተወትፏል። አንድ ታክሲ ነጂ መኪናው ውስጥ አስቀምጦት ፀሐይ አቅልጦት ሻማው ተጣሟል፤ ሰውየው ግን አሁንም እያመሰገናት ነው። ካየቻቸው ሻማዎች ግን የአንዱም ክር ጫፉ አልጠቆረም። ሰው ሁሉ ሻማዋን ወዶታል፤ ማንም ክብሪት አልጫረበትም።

የቀሩት አማቷ ነበሩ። እሳቸው ጋ መሄድ ደግሞ እንደ ሌላው ቤት አይቀልም። አማቷ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ሲናገሩ አሁንም ሰልፍ ላይ የቆመ ትምህርት ቤት ፊታቸው ያለ ነው የሚመስለው። ምራታቸው ሥራዋን የተወች ሰሞን ለልጃቸው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብለውታል፤ ለሱ ነው የተናገሩት፣ ግን እሷ እንድትሰማ ነው። ከአራት ወር በፊት የሎሚ ሻማ ስትሰጣቸው ተቀብለው «መልካም» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሱም። ጥለውታል ብላ ነበር የምታስበው።

ስትገባ ሻማው ሳሎኑ ውስጥ ከሁሉ በሚበልጠው ቦታ፣ በጡረታ መሸኛ ዋንጫቸውና በባላቸው ፎቶግራፍ መካከል፣ በዳንቴል ላይ ተቀምጧል። አቧራ የሚባል የለበትም።

«እማማ» አለች፣ እየተቀመጠች። «ለምንድን ነው ያላበሩት?»

«ምን በደለኝ ብዬ ላቃጥለው?» አሉ አማቷ። «አንቺ ስንት ቀን ቆመሽ የሠራሽውን እኔ በአንድ ክብሪት ላጥፋው? ሰው ሲመጣ አሳየዋለሁ። የልጄ ሚስት ናት የሠራችው እላለሁ።»

ባለሻማዋ ልትስቅም ልታለቅስም አልሆነላትም። ከኒህ ሴት አንድ ደግ ቃል ስትጠብቅ ስንት ጊዜዋ ነው! ቃሉ መጣ፤ የመጣው ግን ሥራዋን ሊቀብር ነው። እንዲህ ሲሆንባት፣ በሌላ ጊዜ ፈጽሞ የማታደርገውን፣ ሁሉን ዘርግፋ ነገረቻቸው።

«ሻማ እኮ እንደ ዳቦ ነው እማማ። ሰው ዳቦውን ገዝቶ ቡፌ ውስጥ ካስቀመጠው ጋጋሪው ሥራ ይፈታል። እናንተ ወዳችሁ አስቀመጣችሁት፣ እኔ በመውደዳችሁ ከሳምንት በኋላ ሰኞ ወደ ጥርስ ቤት ልመለስ ነው። መመለስ አልፈልግም። እውነቴን ነው፣ አልፈልግም።»

አማቷ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። ሻማውን አዩ፣ እሷን አዩ።

«እስቲ እናያለን» አሉ፣ ፈተናዬ ይታረምልኝ ብሎ ለመጣ ተማሪ እንደሚሉት።

ባሏ ታሪኩን ሲሰማ ከወንበሩ እስኪንሸራተት ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው። «ችግሩ መቆንጀታቸው ነው» አለ። «ትንሽ አስቀይሚያቸው።»

«አንተን ስመርጥ ያየሁት ቁንጅና ይበቃኛል፣ ሁለተኛ አስቀያሚ ነገር ቤቴ አላስገባም» አለችው፤ እሱም በዚህ አልተቀየመም።

በሳምንቱ ውስጥ ሻማዋን ለገዙት ሁሉ ደወለች። «አብሩት፣ ለዚህ እኮ ነው የተሠራው» አለቻቸው። ሁሉም «እሺ፣ እሺ» አሉ። እሺ ደግሞ ሁለት ጊዜ ከተባለ እምቢ ማለት እንደሆነ ዘጠኝ ዓመት ቀጠሮ ስትይዝ የኖረች ሴት አይጠፋትም። ሐሙስ አለፈ፣ ዓርብ አለፈ። ቅዳሜ ከሰዓት የቢሮ ጉርድ ቀሚሷን ከቁም ሳጥን አውጥታ ተኮሰች። ወገቡ ትንሽ ጠቧታል፤ ሰም እያማሰለች ዳቦ ስትቆርስ ከርማ ነው።

እሁድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ፤ ተንኳኳ ከማለት ተደበደበ ማለት ይቀላል። አማቷ ናቸው፣ ከደረጃው የተነሳ ቁና ቁና እየተነፈሱ። ሰላምታም ሳያስቀድሙ ከቦርሳቸው በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ታጥቦ የጠራ ባዶ ብርጭቆ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«ብርጭቆ ነው እማማ።»

«ባዶ ብርጭቆ! አለቀ እኮ!» አሉ፣ ልክ የተቀደደ ጫማ እንደሸጠችላቸው።

ባሏ የጥርስ ብሩሹን እንደያዘ ከመታጠቢያ ቤት ብቅ አለ። ነገሩን ሲያይ ተመልሶ ገባ።

«እማማ፣ ሻማ ያልቃል።»

«እሱንማ አየሁት። ስሚኝ። ያን ቅዳሜ ከሄድሽ በኋላ አበራሁት። ለአንድ ሰዓት ብዬ ነው፣ ላንቺ ስል። ሥሩ ላይ ግን ‹እየነደደ ብቻውን ጥለውት አይሂዱ› ብለሽ ጽፈሻል፤ እኔ ደግሞ የተጻፈ ነገር አከብራለሁ። ስለዚህ ተቀመጥኩ።» ራሳቸውም ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ድምፃቸውም ዝግ አለ። «አባታችሁ ከሞተ ወዲህ ምሳ ከበላሁ በኋላ አንድ ቦታ ተቀምጬ አላውቅም። ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ነው። ቴሌቪዥኑ ለራሱ ያወራል። የዚያን ቀን ተቀምጬ ያን ዓመት ሙሉ ያልጀመርኩትን መጽሐፍ ጀመርኩ። በማግስቱም ምሳ እንደበላሁ አበራሁ፣ እስከ ምሽት። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ‹ምንድን ነው እንዲህ የሚያውደው?› ብላ በመስኮት ጠየቀችኝ፤ ግቢ አልኳት፣ ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት መርፌዋን ይዛ እኔ ጋ ናት። ትናንት ጠፋ። ዛሬ ስነሳ ቤቱ ጭር አለብኝ።»

ባለሻማዋ ብርጭቆውን አንስታ እያገላበጠች አየችው። ደስ ሊላት ሲል ፈራች። አማቷ ያን ሁሉ ደረጃ የወጡት ጉርድ ቀሚሱ መተኮሱን ልጃቸው ነግሯቸው ቢሆንስ?

«እማማ፣ እኔን ላለማሳዘን ብለው ከሆነ የመጡት…»

«ላንቺ ብዬማ ያበራሁት የመጀመሪያውን ቀን ነው» አሉ አማቷ ኮስተር ብለው። «ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ለራሴ ነው። አሁን ይልቅ አታስጠብቂኝ፣ የደረሰ ካለሽ አሳዪኝ።»

ትርፏ ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንታቸውን የጨረሱትን በተርታ ደረደረችላቸው። አማቷ ክዳኑን እያነሱ መዓዛውን እየማጉ፣ የፈተና ወረቀት እንደሚያርሙ ውጤት ሰጡ። ጽጌረዳው በዝቶበታል። ናናው ደካማ ነው፣ ይድገም። ሪባኑ ምን ያደርጋል፣ ለመፍታት ጥፍሬን ሰበርኩ። በስድስት ወር ውስጥ ለሥራዋ የመጣ የመጀመሪያው ነቀፋ ነበር፤ ባለሻማዋ እርሳስ አንስታ ቃል በቃል ጻፈችው፣ እየጻፈችም ፊቷ ከጆሮ እስከ ጆሮ ሳቀ። በመጨረሻ አማቷ ሁለት የሎሚ ሻማ መርጠው በብብታቸው ያዙ፤ ሁለተኛው ለልብስ ሰፊዋ ነው፣ የራሷን ከቡፌ እስክታወጣ ድረስ ከሰው ቤት ስትሞቅ እንዳትከርም።

ባለሻማዋ ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ሐኪሙ በሁለተኛው ጥሪ አነሳ።

«ዶክተር፣ ሰው ይቅጠሩ።»

«እንዴ!» አለ ሐኪሙ። «አስበሽበታል? ለመሆኑ ስንት ቋሚ ደንበኛ አገኘሽ?»

በበሩ በኩል አማቷን አየቻቸው፤ ልጃቸው ልያዝልዎት እያለ ሻማዎቹን አልሰጥም ብለውታል።

«አንድ» አለች። «ግን ጨርሰው ነው የመጡት።»