ስምንት የተነበበ ሦስት

መምህር ቀለሙ ከሳፊያ የሱፍ ስም ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ ሃያ አምስት ብሎ ጽፎ ወደሚቀጥለው ስም ሊሻገር ሲል የመምህራኑ ክፍል በር በቀስታ ተንኳኳ። ቀና አለ። ጥቁር ሻርፕ የተከናነቡ አንዲት ጠና ያሉ ሴት በሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ብለዋል።

"ኧረ ጫማዎን አያውልቁ፤ ይግቡ" አለና ከወንበሩ ተነሣ።

"እንደምን ዋሉ? ጣይባ እባላለሁ፤ የሳፊያ እናት ነኝ። ወረቀት ልከውብኝ ነበር።"

ወረቀቱን ከሻርፓቸው ጫፍ ፈትተው አወጡት። አራት ቦታ ተጣጥፏል፤ ጠርዙ ላይ በርበሬ የነካው የጣት አሻራ አርፎበታል። ወይዘሮ ጣይባ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሰኞ ገበያ በርበሬና ጨው እየቸረቸሩ ነው ልጃቸውን እዚህ ያደረሱት።

ወረቀቱን የጻፈው ቀለሙ ራሱ ነበር። ልጅዎ የቤት ሥራ ከሌላ ተማሪ በመገልበጧ ውጤቷ ተሰርዟል፤ ወላጅ ቀርቦ ያነጋግር ይላል። 1979 ዓ.ም. ጥር ወር ሊያልቅ ነው፤ የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት ሰኞ ለጽሕፈት ቤቱ መግባት አለበት።

ቀለሙ ደሴ ውስጥ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካልኩለስ ማስተማር ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። ሰው ቢጠይቀው በመልካም ፈቃዱ ሳይሆን በደንቡ ነበር የሚኮራው። በየዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ደንቡን ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። የቤት ሥራ ሠላሳ፣ ሁለት ትንንሽ ፈተና ሠላሳ፣ ማጠቃለያ አርባ። የዘገየ የቤት ሥራ አይቀበልም፤ ሰበብም አይሰማም። ለአሠራር ነጥብ የለም፤ የመጨረሻው መልስ ልክ ከሆነ ሙሉ፣ ካልሆነ ዜሮ። "ሒሳብ ግማሽ እውነት የለውም" ይላቸዋል። ከእያንዳንዱ ፈተና በኋላ ደግሞ ተማሪዎቹን በውጤታቸው ቅደም ተከተል ያስቀምጣቸዋል፤ የበለጠው ከፊት፣ ያነሰው ከኋላ። ሦስት ክፍል፣ መቶ ሰባ አንድ ተማሪ ይዞ ያለ ደንብ እንዴት ይኖራል?

"ልጄ ሰረቀች ነው የሚለው?" አሉ ወይዘሮ ጣይባ፣ ከተሰጣቸው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው።

"ሰረቀች አይልም፤ ገለበጠች ነው። የቤት ሥራዋ ሁልጊዜ ልክ ነው፤ ከሠላሳው ሃያ ስምንት አላት። ፈተና ላይ ስትቀመጥ ግን ግማሹን እንኳ አትመልስም። የክፍሉ አለቃም በዕረፍት ሰዓት ከጓደኛዋ ከለይላ ደብተር ስትገለብጥ አይቷታል።"

ሴትዮዋ ወረቀቱን መልሰው አጣጠፉት።

"እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። የማየውን ብቻ ልንገርዎ። ከገበያ ስመለስ ሁልጊዜ ደጃፍ ተቀምጣ ነው የማገኛት። አፍንጫዋን ወረቀቱ ላይ ለጥፋ፣ ፊደሉን የምታሸት ነው የምትመስለው። አጠገቧ ሰው የለም፤ የሰው ደብተርም የለም። ወላሂ እውነቴን ነው።"

"አምንዎታለሁ፤ ግን ደንብ ነው" አለ ቀለሙ። ድምፁ ለራሱም ደረቅ ሆኖ ተሰማው።

"ደንብ ከሆነ ምን ይደረጋል። ለክርክር አይደለም የመጣሁት። ወንድሜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል፤ ሰው እየተቀጠረ ነው ብሎ ልኮብኛል። ትምህርቱ ካልሆነላት ነገ ይዣት እወርዳለሁ።" ተነሡ። "ብቻ ይህን ያህል ዓመት አስተምራችኋት፣ ሳላመሰግን ይዣት መሄድ ነውር መሰለኝ። ለዚያ ነው የመጣሁ። አላህ ይስጥልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝመው።"

ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተው ወጡ።

ቀለሙ ብዙ ወላጅ አነጋግሯል። የሚቆጣ አይቷል፤ የሚያለቅስ አይቷል፤ በቀበሌ ሊቀ መንበር የሚያስፈራራም አይቷል። ልጁን የጣለበትን መምህር ሊያመሰግን የመጣ ግን አይቶ አያውቅም። እስክሪብቶውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። ልቡን የሚያሳርፍለት ነገር ፈለገ። ያቺ ልጅ በእርግጥ ምንም እንደማታውቅ በዓይኑ ቢያይ ይበቃዋል። የማጠቃለያ ፈተናውን ጥቅል ፈትቶ የሳፊያን ወረቀት አወጣ።

ጥያቄ አንድ። መልሱ ስድስት ኤክስ ሲደመር አምስት መሆን ነበረበት። እሷ ሃያ አራት ኤክስ ስኩዌር ሲደመር አምስት ብላለች። በቀይ ትልቅ መስቀል አድርጎበታል። ያኔ ያየው ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነበር። አሁን ወደ ላይ ወጣ። ሳፊያ ጥያቄውን ከሰሌዳው ስትገለብጥ ሦስት ኤክስ ስኩዌር የሚለውን ስምንት ኤክስ ኪዩብ ብላ ጽፋዋለች። ስምንት ኤክስ ኪዩብ ከሆነ ደግሞ ዲሪቬቲቩ ሃያ አራት ኤክስ ስኩዌር ነው። ልክ ነው።

ጥያቄ አራትን አየ። እሱ የጻፈው ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ስድስት ኤክስ ነበር። እሷ ስድስቱን ስምንት አድርጋዋለች። ዝቅተኛው ነጥብ ኤክስ አራት ሲሆን ነው ብላለች። ለስምንቱ፣ ልክ ነው።

አሥሩንም ጥያቄ እንዲህ እያለ አነበበ። አራቱን ቀድሞም አግኝታቸዋለች። አንዱን በእርግጥ ስታዋለች። አምስቱ ግን እሱ ላልጠየቀው ጥያቄ የተሰጡ ትክክለኛ መልሶች ነበሩ። ዘንድሮ የፈተና ማባዣው ስቴንስል ጠፍቶ ፈተናው ሁሉ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ነበር የተጻፈው። የቤት ሥራው ግን ከመጽሐፍ ነው።

ፊደሉን የምታሸት ነው የምትመስለው።

ሳፊያ መስከረም ላይ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ ሰባተኛው ላይ አስቀመጣት። ከሁለተኛው በኋላ የመጨረሻው ረድፍ፣ ግድግዳው ሥር። በገዛ እጁ ከሰሌዳው እያራቀ ወስዷታል።

ወረቀቱን አጣጥፎ ኮቱ ውስጥ ከትቶ ወጣ።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሲደርስ ሁለት ሰው ጠይቆ ቤታቸውን አገኘው። በሩ ክፍት ነው። ሳፊያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ልብሷን በአንድ የካርቶን ሻንጣ ውስጥ ታጥፋለች። ከታጠፈው ልብስ ሥር የካልኩለስ መጽሐፉ ጥግ ይታያል። መምህሯን ስታይ ብድግ አለች።

"ቲቸር?"

"ሳፊያ፣ እስቲ ወደ ደጅ ውጪ" አላት። እናትየውም ተከትለው ወጡ። ከመንገዱ ማዶ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ አለ፤ በሩ አጠገብ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሳምንቱ ማስታወቂያ ተጽፏል። "እዚያ ሰሌዳ ላይ ምን ይላል?"

"ማስታወቂያ ነው።"

"ምን የሚል?"

"የስኳር ይሆናል።"

"ገምቺ አላልኩሽም። አንብቢልኝ።"

ሳፊያ ዓይኗን አጠበበች፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች። ከዚያ አንገቷን ደፋች። "ነጭ ነገር ነው፣ ቲቸር።"

"ነጭ ነገር?" አሉ ወይዘሮ ጣይባ። "ያልተማርሁት እኔ እንኳ ሁለት መስመር መሆኑን አየዋለሁ። ከሥሩም ማኅተም ያለው ወረቀት ተለጥፏል። እሱንስ አታዪውም?"

"አላየውም፣ እማ።"

 አንድ ሰው አህያ እየነዳ በመካከላቸው አለፈ።

"መቼ ነው የጀመረሽ?" አለ ቀለሙ።

"እንጃ። አሥረኛ ክፍል መሰለኝ። ሰው ሁሉ እንደዚህ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። እነሱ ጎበዝ ስለሆኑ የሚገምቱት፣ እኔ መገመት የማልችል።" ድምፅዋ ቀነሰ። "ከለይላ ደብተር የምገለብጠው የቤት ሥራ አልነበረም። እርስዎ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሰበብ አልሰማም ብለው ነበር።"

ይህን ያለችው ለመውቀስ አልነበረም፤ ደንቡን እንደምታውቅ ለማሳየት ያህል ነው የተናገረችው። ቀለሙ ወረቀቷን ከኮቱ አውጥቶ ዘረጋ።

"ይሄውልሽ። አምስት ጥያቄ በትክክል ሠርተሻል። ጥያቄዎቹ ብቻ የእኔ አይደሉም። ይህን ሳላነብ ነው መስቀል ያደረግሁብሽ፤ ሳላጣራም ነው ገለበጠች ብዬ የጻፍሁት።" ወደ እናትየው ዞረ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይዘሮ ጣይባ። ዛሬ ባይመጡ ኖሮ ልጅቷን አጥፍቻት ነበር። እኔ ነኝ ማመስገን ያለብኝ።"

"አብሽሩ" አሉ ሴትዮዋ። የሻርፓቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። "እኔ እናቷ፣ በየቀኑ እያየኋት፣ ትምህርት ወዳ ነው እያልሁ ደስ ሲለኝ ነበር። እኔ ያላወቅሁትን እርስዎ በምን ያውቁታል? አልሐምዱሊላህ፣ ሳንወርድ ደረሱልን።"

ሳፊያ ወረቀቱን ፊቷ ላይ አስጠግታ ስታነብ ቆየች። ከዚያ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች።

"ቲቸር፣ ሰባተኛውን ግን በትክክል ባየውም አልችለውም ነበር።"

ቀለሙ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "አይቼዋለሁ። ለሱ ምንም አልሰጥሽም።"

ቤት ሳይገቡ አይሄዱም ተብሎ ገባ። ለሰኞ ወደ ሆስፒታሉ የዓይን ሐኪም የምትወስደውን ማስታወሻ እዚያው ተቀምጦ ጻፈላት። ወይዘሮ ጣይባ ኮምቦልቻ መውረዳቸውን አልተዉም።

"ብቻዬን እወርዳለሁ" አሉ። "ወንድሜ ሰው ለምኖልኛል። ቦታውን ለሌላ ችግረኛ ስጥልኝ፣ ልጅቱ ትማራለች ብዬ በአፌ ልንገረው። ውለታውን በመልእክት አልመልሰውም።"

ሳፊያ ከሻንጣው ውስጥ አንድ አንድ እያለች ልብሷን ታወጣ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቀለሙ የቀሩትን ስሞች ማታውን ሞልቶ የጨረሰውን የውጤት ሮስተር ይዞ ወደ ዩኒት መሪው ወደ አቶ ዘይኑልአቢዲን ሄደ። ሮስተር ላይ ሥርዝ ድልዝ ክልክል ነው። የግድ ከሆነ ምክንያቱ ይጻፋል፣ ዩኒት መሪው ይፈርማል፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ያየዋል። አቶ ዘይኑልአቢዲን ለሃያ ሁለት ዓመት ያስተማሩ፣ ነገር የማያቻኩሉ ሰው ናቸው። የሳፊያን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ቀና አሉ።

"ኮሚቴው ምን እንደሚል ታውቃለህ? ምን ተቀብሎ ነው ማርክ የሚቀይረው ነው የሚልህ።"

"ምንም አልተቀበልሁም፣ ጋሽ ዘይኑ።"

"እኔ አውቅሃለሁ። እነሱ ናቸው የማያውቁህ። ምክንያት የሚለው ላይ ምን ልትጽፍ ነው?"

ቀለሙ ይህን ሌሊቱን ሲያስብበት ነው ያደረው። የሚያምር ሰበብ ሞልቷል። የዓይን ሕመም ብሎ ሁሉን በልጅቷ ላይ ማሳበብ ይቻላል፤ የድምር ስሕተት ብሎ ማለፍም ይቻላል።

"መምህሩ የተማሪዋን አሠራር ሳያነብ አርሟል፤ ሳያጣራም የቤት ሥራዋን ሰርዟል ብዬ።"

አቶ ዘይኑልአቢዲን የሳፊያን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"እዚህ መስመር ላይ እንዲህ ብሎ የጻፈ ሰው አይቼ አላውቅም። ጻፈው። እኔም ከሥሩ እፈርማለሁ፤ ኮሚቴውም ከጠራህ አብሬህ እቀርባለሁ።"

ቀለሙ ጻፈ። ሃያ አምስቱን በአንድ መስመር ሰርዞ፣ የቤት ሥራዋን ሃያ ስምንትና የአምስቱን ጥያቄ ሃያ ነጥብ ጨምሮ ሰባ ሦስት አደረገው። አቶ ዘይኑልአቢዲን ፈረሙ፤ ቀን ጻፉ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ዘይኑ።"

"እኔን ምን ታመሰግነኛለህ። ያቺን በርበሬ ሻጭ አመስግን።" ተነሥተው ባርኔጣቸውን አደረጉ። "በል ሮስተሩን ስጠኝ። በጽሕፈት ቤቱ በኩል ነው የማልፈው፤ ላስገባልህ።"

ቀለሙ ሮስተሩን አነሣና ሊሰጣቸው እጁን ዘረጋ። ከሳፊያ ስም ሥር የሸረፈዲን ስም አለ፤ ሠላሳ ሁለት። ከዚያ ሥር ሌላ ስም፤ አርባ አንድ። ከዚያ ሥር ሌላ። የማንኛቸውንም ወረቀት ከመጨረሻው መስመር በላይ አላነበበም።

እጁን መለሰ።

"ሰኞ ጠዋት እኔው ራሴ አስገባዋለሁ" አላቸው።

አቶ ዘይኑልአቢዲን ጠረጴዛው ላይ የተቆለሉትን ሦስት ጥቅሎች አዩ፤ እሱንም አዩት።  በሩን ቀስ አድርገው ዘግተውለት ሄዱ።

ቀለሙ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠጋ። መቶ ሰባ ወረቀት ቀርቶታል። የመጀመሪያውን ጥቅል ሲባጎ ፈታ፣ የሸረፈዲንን ወረቀት ፈልጎ አወጣና ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመረ።