ሃያ ሁለት የተባለው መቺ

ዩዲስ ዱላውን እንደ መጥረቢያ ሰነዘረና መሬት ልትነካ የተቃረበችውን ኳስ ሳታት። ሦስት ጊዜ የሳተ መቺ ይወጣል፤ ይቺ ሦስተኛዋ ናት። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሕዝብ ጮኸ፤ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያለው ደግሞ ወንበር እየደበደበ ሳቀ።

"ሃያ ሁለት! ግባና ቁጭ በል!" አለ የቤዝቦል ጌሙን መጫወቻ የያዘው ጎረምሳ።

"ዱላውን ቀሙትና መጥረጊያ ስጡት፤ ቢያንስ ቤት ይጥረግበት!" አለ ሌላው፣ ግማሽ ፀጉሩ የተላጨ።

ያኒልዳ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። የመጣችው ፀጉር ቆራጩን ቺቺን ለመጥራት ነበር። ወንድሟ ዩዲስ ዛሬ አመሻሹ ላይ በከተማው ስታዲየም ጨዋታ አለው፤ ፀጉሩን ሳይስተካከል ሜዳ ገብቶ አያውቅም። ድሮ ራሱ ነበር የሚመጣው። አሁን እግሩን ካጠፋ ሁለት ሳምንት ሆነው። "ቺቺ ቤት ድረስ ይምጣልኝ" ብሎ ሲልካት ለምን ብላ አልጠየቀችውም።

ጌሙ ውስጥ ያለው ራሱ ዩዲስ ነው። ፊቱ፣ አገጩ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ ከመምታቱ በፊት ጫማውን በዱላ ቆርቆር የሚያደርጋት ነገር፣ አንዷም አልቀረችም። ሰሪዎቹ ሁሉም ነገር እንደ እውነቱ ነው እያሉ ነው የሚሸጡት። ከምስሉ ጎን ግን ለእያንዳንዱ መቺ ከመቶ የተሰጠው ነጥብ አለ፤ ለዩዲስ ጉልበት የሰጡት ሃያ ሁለት ነው። ጌሙ ሰፈር በገባባት ቀን ስሙ ተቀየረ። ሳን ፔድሮ ውስጥ ቅጽል ስም የወጣለት ሰው የእናት የአባቱን ስም መልሶ አያገኘውም። ጥግ ላይ ዓሣ የሚሸጡት ሽማግሌ በልጅነታቸው አንድ ቀን ሱሪያቸው ስለተተረተረ ይኸው እስከ ዛሬ "ቀዳዳ" ናቸው።

"ቺቺ!" አለች ያኒልዳ።

"ኧረ ያኒልዳ፣ እቴ! ግቢ ግቢ። ይቺን ዙር ጨርሼ እየመጣሁ ነው በይው።"

"ቤትህ ውስጥ ስታሰድበው ውለህ ነው ሄደህ ፀጉሩን የምትቆርጠው?"

"እኔ ምን አደረግሁ? ቁጥሩን እኔ አልሰጠሁት። አሜሪካኖቹ ናቸው። ኮምፒውተር ነው ያወጣው።"

"ኮምፒውተሩ ወንድሜ ሲመታ የት አየው?"

"አየዋ! ዐምና እዚያ ትልቁ ቡድን ያሰለፈው ጊዜ የመታውን ቆጥረው ነው። በዚያ ወር ምን መታ? እስቲ አንቺው ንገሪኝ።"

"እጁ አብጦ! የእጁ አንጓ ተሰንጥቆ ነው የተጫወተው! ይመልሱኛል ብሎ ፈርቶ፣ በፋሻ አስሮ፣ ጥርሱን ነክሶ!"

"እሱን ኮምፒውተር አያውቅም፣ እቴ።"

"ካላወቀ አፉን ይዝጋ!"

ሳቁ ባሰ። ጎረምሳው ወደ እሷ ዘወር አለና በትሕትና መልክ፣ "እትዬ ያኒልዳ፣ አይቆጡ። እኔ እኮ ወድጄው ነው የማሰልፈው። ሌላው ሰው ጭራሽ ከቡድኑ ያወጣዋል" አላት።

ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። ይሄኛውን ግን አልቻለችም። በሰዎቹ እግር መሀል አልፋ ጎንበስ አለችና የጌሙን የኤሌክትሪክ ገመድ ከግድግዳው ነቀለች። ከማሽኑም በኩል ነቀለችው። ዞር ብላ ማንንም ሳታይ፣ በምትሠራበት ፋብሪካ ክር እንደምትጠቀልለው በክንዷ ላይ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ያኒልዳ! ገመዴን!"

"ቤት አለልህ። መቀስህን ይዘህ ስትመጣ ትወስደዋለህ።"

ቤት ስትደርስ ዩዲስ ጓሮ ነበር። ልብስ ማስጫው ሥር ቆሞ፣ ውስጡ አሸዋ የተሞላ የብረት ቧንቧ ይወዘውዛል። ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቋል። እናታቸው የማብሰያ ቤቱ መስኮት ላይ ሆና ሩዝና ባቄላውን እያማሰለች በጭንቀት ታየዋለች።

ዩዲስ እንዲህ ያለ መቺ አልነበረም። ዱላውን አጠር አድርጎ ይዞ፣ ኳሷን ሰው የሌለበት ቦታ ጠብ የሚያደርግ ልጅ ነበር። እሱ ሮጦ አንደኛው ቤዝ፣ የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ይደርሳል፤ ከኋላው የሚመጡት ጉልበተኞች በረጅሙ መትተው ወደ ቤት፣ ወደ ተነሳበት ቦታ ይመልሱታል፤ ነጥብ የሚቆጠረው ያኔ ነው። አሜሪካ ድረስ የወሰደው ይኸው ነው። ያ ስም ከወጣለት ወዲህ ግን ኳስ ሁሉ ከሜዳው አጥር በላይ ካልሄደች ብሎ ይሰነዝራል፤ ይስታል። አሠልጣኙ ትናንት ጠርቶ ቁርጡን ነግሮታል፤ ዛሬ ካልመታ ከነገ ጀምሮ ቦታው የሌላ ነው። አሜሪካ ጨዋታ በማይኖርበት በዚህ ክረምት እዚህ ካልተሰለፈ ደግሞ የአሜሪካው ቡድን ውሉን አያድስለትም።

"ቺቺስ?" አላት።

"ይመጣል። ጌም ላይ ነበር።"

ቧንቧውን አወረደ። "በእኔ ነው የሚጫወቱት?"

"ገመዱን ነቅዬ አመጣሁት።" ቦርሳዋን ከፍታ አሳየችው።

ይስቃል ብላ ነበር። አልሳቀም።

"ምን ዋጋ አለው? ትክክል ናቸው እኮ። ለጌሙ ሰሪዎች ጻፍኩላቸው፤ እጄ ታሞ ነበር አልኳቸው። 'ነጥቡ የተሠራው በእውነተኛ ጨዋታዎች ላይ ተመሥርቶ ነው' ብለው መለሱልኝ። አልዋሹም። ያን ወር እንደዚያ ነበርኩ።"

"ታሞ የተኛን ሰው ፎቶ አንስተህ መልኩ ይሄ ነው ትላለህ?"

"ያኒልዳ፣ በቃ ተይኝ። ዛሬ አንዷን ከአጥሩ በላይ ከላክሁ ሁሉም ዝም ይላል።"

"ዝም የሚለው ማነው? ቺቺ? ለቺቺ ብለህ ነው ከሥራ የምትባረረው?" ድምፅዋ ከፍ አለ። "ጌሙ ውስጥ ያለውን አየሁት ዛሬ። እንደ መጥረቢያ ነው የሚሰነዝረው። መሬት ለመሬት የመጣውን ሁሉ ያባርራል። በሩ ላይ ቆሜ ምን እንዳናደደኝ ታውቃለህ? ማክሰኞ ዕለት ስታዲየም ያየሁትን ሰው ነው ያየሁት! እነሱ አንተን መምሰል አቃታቸው፤ አንተ ደግሞ እነሱ የሠሩትን መስለህ አረፍከው!"

እናታቸው ማማሰሏን አቆመች። ዩዲስ ቧንቧውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

ያኒልዳ ማብሰያ ቤት ገባች። ከትልቁ የውሃ ጠርሙስ ላይ ክዳኑን ነቀለች፤ ከበሩ ኋላ መጥረጊያውን አነሳችና ጭራውን ነቅላ ጣለች፤ እንጨቱን ለወንድሟ ወረወረችለት።

"ቁም።"

"አብደሻል? ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው።"

"ቁም አልኩህ።"

ቪቲያ የሚሉት ጨዋታ ነው። እዚህ ሰፈር ያደገ ሁሉ ኳስ ሳያይ በፊት የመታው የጠርሙስ ክዳን ነው። ለዩዲስ የወረወረችለት ደግሞ እሷ ነበረች፤ በመንገዱ ወንዶች መሀል ያንን ክዳን እንደ እሷ የሚያጣምመው አልነበረም። ክዳን እንደ ኳስ አይደለም። ይንሳፈፋል፤ ደረስኩበት ሲሉት ይጠልቃል።

ወረወረች። ዩዲስ ባለ በሌለ ኃይሉ ሰነዘረ። እንጨቱ ነፋሱን ብቻ መታ። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ድምፅ፣ "ሃያ ሁለት! መጥረጊያውንም አልቻልከው?" አለ።

ያኒልዳ ክዳኑን አንስታ እንደገና ወረወረች። ሳተ። እንደገና። ሳተ። አራተኛውን ሆን ብላ ጉልበቱ ላይ ላከችበት።

"ኧረ! ምን አደረግሁሽ?"

"ተናደድክ? ጎሽ። አሁን እየው። አታባርረው፤ ወደ አንተ ይምጣ።"

ዩዲስ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና ቆመ። እጆቹ ሳያስበው እንጨቱ ላይ ወደ ላይ ሸርተት አሉ፤ የልጅነት ቦታቸው ነው። ክዳኑ ተንሳፍፎ መጣ፣ ጠለቀ። ቀጭ አለ። ከልብስ ማስጫው በላይ አልፎ ጎረቤቱ ጣራ ላይ ቆርቆሮውን አንኳኳ።

"ማነው ጣራዬን የሚደበድበው!" አለ ያው ድምፅ።

"ሃያ ሁለት ነው!" ብላ ጮኸች እናታቸው ከመስኮቱ። ሦስቱም ሳቁ።

ቺቺ ግን አልመጣም። ዩዲስ ፀጉሩ እንደተንጨባረረ ቆቡን ደፍቶ ሄደ።

ስታዲየሙ ከበሮና መለከት ብቻ ነበር። ያኒልዳ ከፍ ካለው መቀመጫ ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ቺቺ ከእሷ ዝቅ ብሎ ከፀጉር ቤቱ ሰዎች ጋር ነው። አይቷታል፤ ዞር ብሎ ግን ሰላም አላላትም።

ዩዲስ ሲገባ ሕዝቡ በከበሮ ምት ይቀበለው ጀመር። "ሃያ! ሁለት! ሃያ! ሁለት!" የጓሮው ነገር ሁሉ ከውስጡ የጠፋ መሰለ። በመጀመሪያው ተራው ከአጥሩ በላይ ሊልክ ሰንዝሮ ሳተ። በሁለተኛው ሳተ። በሦስተኛው ኳሷን ሽቅብ ወደ ሰማይ ላካት፤ ተጋጣሚዎቹ እዚያው በቆሙበት ቀለቧትና ወጣ። ያኒልዳ ከንፈሯን ነክሳ የቦርሳዋን ማንገቻ ስትጠመዝዝ ቆየች። እሱን ልትሳደብ ፈለገች፤ ከበሮውን የሚመታውንም፤ በሕይወቱ ኳስ ሳይነካ፣ አየር ማቀዝቀዣ ሥር ተቀምጦ ለሰው ጉልበት ነጥብ የሚሰጠውንም።

የመጨረሻው ተራ ደረሰ። ቡድኑ በአንድ ነጥብ እየተመራ ነው፤ ሁለት ጓደኞቹ ቤዝ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። አሠልጣኙ ከተጫዋቾቹ መቀመጫ ወጥቶ እጁን አጣምሯል። "ሃያ! ሁለት!"

የመጀመሪያዋን ኳስ እንደ መጥረቢያ ሰነዘረባት። ሳተ። ሁለተኛዋን ሳተ።

ከዚያ ከመምቻው መስመር ወጣ አለ። ጫማውን በዱላው ቆርቆር አደረገ። ቆቡ የተንጨባረረ ፀጉሩን አልሸፍን ብሎታል። ወደ መቀመጫዎቹ ቀና ብሎ እሷን ፈልጎ ይሁን፣ ዝም ብሎ ይሁን፣ ትንሽ ቆመ። ሲመለስ እጆቹን በዱላው ላይ ወደ ላይ ሸርተት አደረጋቸው። ሁለት ጣት ያህል ነው። ሕዝቡ ግን አየ።

"አያቴም እንደዚያ ነው ከዘራ የሚይዙት!" አለ ጎረምሳው፤ የፀጉር ቤቱ ሰዎች ተንከተከቱ።

ያኒልዳ ብድግ አለች።

ኳሷ መጣች። ዩዲስ ጠበቃት። ቀጭ። ከፍ አላለች፣ አጥሩ አጠገብም አልደረሰች፤ ከሁለት ተጫዋቾች መሀል ሾልካ ባዶ ሣር ላይ ጠብ አለች። አንዱ ጓደኛው ቤት ገባ። ሁለተኛው አቧራ ለብሶ በሆዱ እየተንሸራተተ ገባ፤ ቡድኑ አሸነፈ። ቀድሞ ያበደው ከበሮው ይሁን ሕዝቡ አልታወቀም። ጎረምሳው ወንበር ላይ ወጥቶ፣ "የኛ ሰፈር ልጅ ነው! ሁሌም ነግሬያችኋለሁ!" እያለ ይጮኻል።

ዩዲስ አንደኛው ቤዝ ላይ ቆሞ ቆቡን አውልቆ ላቡን ጠረገ።

ሰው ሲበተን ቺቺ ደረጃው ላይ ጠበቃት። ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ።

"እቴ፣ መታ አይደል? ደስ አለን አይደል? በይ እንግዲህ ገመዴን።"

ያኒልዳ ቦርሳዋን ከፈተች። ገመዱን አየችው። ቦርሳውን መልሳ ዘጋችው።

"ቁጥሩን ሲያስተካክሉ ትወስደዋለህ።"

"እነሱ አሜሪካ ናቸው! መቼ አስተካክለው?"

"እስከዚያ ፀጉር ቁረጥ። ነገ ጠዋት ከወንድሜ ጀምር።"

"እሺ፣ መቀሴን ይዤ ቤት ድረስ…"

"የለም" አለች፣ ደረጃውን መውረድ ጀምራ። "ፀጉር ቤት ይመጣል። መሀል ወንበሩን ባዶ አድርገህ ጠብቀው።"