የወንድም ቀን መብራት

ዳታራም በስልሳ ሦስት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በመብራት በዓሉ በዲዋሊ ሰሞን ሥራ ፈታ። ወዶ አይደለም። በሚራጅ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የነበረው፣ እሱም ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ፊልም ያሳየበት ሲኒማ ቤት በክረምቱ ተዘጋ። ሁለቱ የፊልም ማሽኖች በኪሎ ተመዝነው ለብረት ነጋዴ ተሸጡ። ሲጫኑ ቆሞ ያይ ነበር። አንዱ ጫኝ ማሽኑን በእግሩ ሲገፋው «ቀስ በል እንጂ፣ አንተ!» ብሎ ጮኸበት። ሰውዬው «ለውዳቂ ብረት ደግሞ ምን ቀስ አለው፣ ጋሼ?» ብሎ ሳቀ። ዳታራም ቤቱ ገብቶ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።

የእህቱ ልጅ ኬታኪ የደወለችለት ለበዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው።

«አጎቴ፣ ዘንድሮስ ምን ምክንያት አለህ?»

«ምንም የለኝም። እመጣለሁ።»

«ሁልጊዜም እንደሱ ነው የምትለው። እማዬ ምን እንዳለች ልንገርህ? በወንድም ቀን ካልመጣ መብራቱን ለጨረቃ ነው የማዞረው ብላለች። እንግዲህ ቁርጥህን እወቅ።»

ዳታራም ስልኩን ዘግቶ የአውቶቡስ ሰዓት ሊጠይቅ ወጣ።

ዲዋሊ የሚያልቀው በወንድም ቀን ነው። እህት ወንድሟን ዱካ ላይ ታስቀምጣለች፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ቀለም ታደርግለታለች፣ መብራት ያለበትን ሰሐን በፊቱ ሦስት ጊዜ አዙራ ዕድሜ ትለምንለታለች። ወንድም ያልፈጠረላት ሴት ደግሞ ግቢዋ ውስጥ ቆማ ለጨረቃ ታዞራለች። እኛ አገር ጨረቃ ወንድ ነው፤ የእናቶች ሁሉ ወንድም ነው፣ ልጆችም አጎቴ ነው የሚሉት። የዚያን ዕለት ግን ገና የሁለት ቀን ጨረቃ ስለሆነ፣ ፀሐይ ስትገባ ብቅ ይልና አንድ ሰዓት ያህል እንኳ ሳይቆይ ይጠልቃል። ወንድሟ በሕይወት እያለ ለጨረቃ የምታዞር ሴት ምን እያለች እንደሆነ ማንም አይጠፋውም። ወንድም የለኝም እያለች ነው።

ይቺን እህቱን፣ ቫትሳላን፣ ያሳደጋት እሱ ነው። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ሲሞቱ እሱ አሥራ ሰባት፣ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጸጉሯን እየጎነጎነ ትምህርት ቤት ይልካት ነበር፤ ሹሩባው ሁልጊዜ ወደ ግራ ይጣመምበት ስለነበር ጓደኞቿ ይስቁባታል። ድሮ ድሮ በወንድም ቀን አይቀርም ነበር። በኋላ ግን የሲኒማ ቤቱ ዋና ማሽነኛ ሆነ። ዲዋሊ ደግሞ ትልልቁ ፊልም የሚከፈትበት፣ በቀን አራት ጊዜ የሚታይበት፣ ሕዝቡ ለትኬት በር ላይ የሚያድርበት ጊዜ ነው። ረዳት አልነበረውም እንዳትሉ፤ ነበረው። ግን ማሽኑን ለሰው አያምንም። እናም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ አንድ አንድ የሳሪ ልብስ በመንገደኛ እየላከ እሱ ቀረ። የቫትሳላ አማት በየዓመቱ ያንኑ ነገር ይሏት ነበር፤ «ወንድምሽ የሲኒማ መጋረጃ አግብቷል፣ ምን ያድርግ!»

ዘንድሮ በወንድም ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በከረጢቱ አረንጓዴ ሳሪና አንድ ቆርቆሮ ጣፋጭ ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ። ስልኩንም እዚያው ከረጢት ውስጥ ከተተው። አውቶቡሱ ወንድሞችን ጠቅጥቆ ነው የሚሄደው፤ ሁሉም የተሸከመው ነገር አለው፣ ሁሉም ተላጭቷል። ዳታራም በመስኮት እያየ ለራሱ ይለማመድ ነበር። ስገባ ምን እላታለሁ? ይቅርታ? መጣሁልሽ? በመጨረሻ ምንም ባልል ይሻላል አለ።

ከቀኑ ሰባት ተኩል ላይ አንድ የመንገድ ዳር ሻይ ቤት ቆሙ። የአውቶቡሱ ረዳት «አሥር ደቂቃ! ከአሥር ደቂቃ በኋላ እናቴንም አልጠብቅም!» ብሎ ጮኸ። ዳታራም ሻዩን ይዞ ወደ ውስጥ ሲገባ ከግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን አንድ የሚያውቀው ድምፅ ሰማ። ሃያ አምስት ሳምንት ያሳየው ፊልም ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የድሮ ፊልም በጥቅል በጥቅል ነው የሚመጣው። አንዱ ጥቅል ሊያልቅ ሲል በምስሉ ቀኝ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ ማሽነኛው ሁለተኛውን ማሽን ያስነሳል። ከሰባት ሰከንድ በኋላ ሌላ ነጥብ ትመጣለች፤ ያኔ ይቀይራል። ተመልካች ይህችን ነጥብ አያያትም፣ ማሽነኛ ደግሞ ከእሷ ሌላ አያይም። ዳታራም ሦስተኛው ጥቅል ሊያልቅ አራት ደቂቃ እንደቀረው ከተዋናይቱ ለቅሶ አወቀ። ነጥቧ ቴሌቪዥን ላይም ትኖር ይሆን? አለ።

የአውቶቡሱን ጡሩምባ ሰምቶታል። ይህን ኋላ ለራሱ አልዋሸም። ሰምቶ፣ ሰው እንዴት ጥቅል ሳይቀየር ከማሽኑ ይነሳል ብሎ ነው የቆመው። ያ ማሽን እስካሁን ቀልጦ ሚስማር ሆኖ ይሆናል፤ እሱ ግን ቆመ። የመጀመሪያዋ ነጥብ ብልጭ አለች። በአፉ እስከ ሰባት ቆጠረ። ሁለተኛዋም መጣች። ደስ አለው፣ ፈገግም አለ። ዘወር ሲል መንገዱ ላይ አቧራ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ የመጡበት አውቶቡስ ሄደ እኮ!» አለው አሳላፊው። «እኔማ የዚህ ሰፈር ሰው ነዎት ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለፉት አውቶቡሶች ሁሉ ሞልተው ነበር። ሰው በር ላይ ተንጠልጥሏል፣ አንዳቸውም አልቆሙም። ዳታራም እጁን እያወዛወዘ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመ። ጸሎት ትቶ ቆይቷል፤ ያን ቀን ግን የሚያውቀውን የአምላክ ስም ሁሉ ጠራ። በመጨረሻ የቆመለት ሁለት ተጎታች ሸንኮራ አገዳ የጫነ ትራክተር ነው።

«ወዴት ነው፣ ጋሼ?»

«ቦርጋዎን። እህቴ ጋ።»

«ዛሬማ ወደ እህቱ የማይሄድ የለም። የኔዋም ትጠብቃለች፤ ብቻ መጀመሪያ አገዳውን ላራግፍ። ምን ይዘውላታል?»

«ሳሪ ነበር። አውቶቡሱ ይዞት ሄደ።»

«እንግዲያው ሳሪው ቀደመዎት በሉኛ!»

ሾፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። ዳታራምም አብሮ ሳቀ፣ ግን ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረበት። ሾፌሩ ይህን አይቶ ሙዚቃውን ቀነሰ። ትራክተሩ ዳገቱን እንደ እርጉዝ ላም ነው የሚወጣው። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ስትሄድ ዳታራም በዓይኑ ይከተላት ነበር።

መገንጠያው ላይ ሲወርድ ፀሐይ ገብታለች። ወደ መንደሩ ሦስት ኪሎ ሜትር ይቀራል። በምዕራብ በኩል፣ ከጥጥ ማሳው በላይ፣ የጥፍር ቁራጭ የሚያህል ጨረቃ ብቅ ብሏል። በዚያ ዕድሜው ሮጠ። ጫማው አንዴ ወለቀበት፣ አንዴ ወደቀ፣ መዳፉ ተላጠ። በየግቢው ሴቶች ወንድሞቻቸውን አስቀምጠው መብራት ያዞራሉ፣ ሳቅ ይሰማል፣ የልጆች ርችት ይፈነዳል። «ትንሽ ቆይ» ይል ነበር እየሮጠ፣ ለማን እንደሚል ሳያውቅ። «ትንሽ ብቻ ቆይ።»

የእህቱ ግቢ አጥር ጋ ሲደርስ ቫትሳላ መሀል ግቢው ላይ ቆማለች። ጀርባዋን ሰጥታዋለች፤ ጸጉሯ ሸብቷል። ሰሐኑን በሁለት እጇ ወደ ምዕራብ ከፍ አድርጋ ታዞራለች።

«ቫትሳ! መጣሁ! ቆይ!»

አልቆመችም። ሦስተኛውን ዙር በቀስታ ጨረሰች፣ ሩዝ ቆንጥራ ወደ ሰማይ በተነች፣ ከዚያ ዞረች።

«ዳዳ?» አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ታላቅ ወንድሟን የምትጠራው እንዲህ ነው። «ምን ሆነህ ነው? እጅህ ይደማል።»

«አውቶቡስ አምልጦኝ ነው። ሳሪውም የለም፣ እዚያው ቀረ። አምስት ደቂቃ ብትጠብቂኝ ምን ነበረበት? ኬታኪ ነግራኛለች እኮ፤ ዘንድሮ ካልመጣ ለጨረቃ ነው የማዞረው ብላለች ብላ።»

ቫትሳላ በሩ ላይ ወደቆመችው ልጇ ተመለከተች። ኬታኪ አንገቷን ደፋች።

«ዘንድሮ አይደለም፣ ዳዳ» አለች ቫትሳላ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እሷ እንድትመጣ ብላ ነው እንዲያ ያለችህ።»

ዳታራም አጥሩን ያዘ።

«ያን ዓመት ዱካህን አዘጋጅቼ እስኪመሽ ጠበቅኩህ። አማቴ ወጥተው ሳቁብኝ። ጨረቃው ደግሞ ሊጠልቅ ነው። ሁለታችሁንም ልጣ እንዴ ብዬ ለእሱ አዞርኩለት። እሱ ቀርቶብኝ አያውቅም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትመጣ ነበር?»

አዎ ሊል አፉን ከፈተ። የዲዋሊ ሰልፍ፣ አራቱ ትርዒት፣ ማሽኑን ነካ ብሎ ረዳቱን ያባረረበት ቀን፣ ሁሉም ታየው።

«አልመጣም ነበር» አለ።

«አየህ» አለች፤ ቀርባም ክንዱን ይዛ አስገባችው። «ይልቅ ና፣ ቁጭ በል። ኬታኪ፣ ዱካ አምጪ! ራስ ተገልጦ መብራት አይዞርም፤ የሚከናነበው ነገር ስጪው።»

አስቀመጡት። ሰሐኑ ላይ ያለው መብራት ገና አልጠፋም። ቫትሳላ ግንባሩ ላይ ቀዩን አደረገችለት፤ ጣቷ ይቀዘቅዝ ነበር። ከዚያ ሰሐኑን አነሳች። ሰሐኑ ግን ፊቱ ጋ አልቆመም። እጇ ከፍ፣ ከፍ እያለ ከራሱ በላይ ወጣና ባዶ አየር ላይ ይዞር ጀመር፤ ዓይኗም አብሮት ወደ ሰማይ ሄደ። ጨረቃው ጠልቋል። አንዱን ዙር ጨርሳ ሁለተኛውን ልትጀምር ስትል ደነገጠች።

«ውይ! እጄ ለምዶብኝ ነው» አለች፣ አፍራ ሰሐኑን ወደ ፊቱ ዝቅ እያደረገች። «አትቀየመኝ።»

ዳታራም አገጩ ደረቱን እስኪነካ አቀረቀረ።

«ቀና በል እንጂ፣ ዳዳ። ፊትህ አይታየኝም።»

እሱ ግን ቀና ማለት አልቻለም።